ለዓመታት የቆመች መኪና፦ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

«አባባ ያቆሟት ዲኤክስ ግቢ ውስጥ አለች። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ላስነሳት?»

ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ወር የለም። አንዱ ከማራኪ ይደውላል፣ ሌላው ከአራዳ። አንዱ ከውጭ አገር ለእረፍት መጥቶ የአባቱን መኪና ያገኘ ነው። ሌላው ቤንዚን ሲጠፋ አቁሟት በዚያው የረሳት ነው። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፦ ባትሪውን ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ ፍሬኑን ፈትሹ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አምስት ዓመት በቆመች ዲኤክስ ላይ ባትሪ አስሬ ቁልፍ አዞርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ባይኖር ኖሮ የት እንደምቆም እንጃ። ጎንደርን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ወይ ዳገት ናት ወይ ቁልቁለት።

ከታች ያለው መመሪያ ካርቡራተር ላላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው፦ ለዲኤክስ፣ ለላዳ፣ ለቮልስና ለመሰሎቻቸው። ናፍጣ ሞተር የራሱ ጣጣ ስላለው እዚህ አልገባበትም። ሥራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል። ከተቻለ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጀምሩት። በጭቃ መሬት ላይ ክሪክ ይሰምጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ (ካቫሌቶ)፣ አራት የጎማ መወጠሪያ ጉማጅ እንጨት
- የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ
- የፍሬን ዘይት ዶት 3፣ ያልተከፈተ፣ 1 ሊትር
- የሞተር ዘይት 20/50፣ 4 ሊትር፣ ከአዲስ የዘይት ማጣሪያ ጋር
- አራት አዲስ ካንዴላ
- የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ አንድ የቤንዚን ማጣሪያ
- 5 ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ከነጀሪካኑ
- የካርቡራተር ማጽጃ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጨርቅ
- ቮልት መለኪያ
- በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ
- የዱቄት እሳት ማጥፊያ። ከሌለ ሁለት ባልዲ ደረቅ አሸዋ
- አንድ ረዳት። ፍሬኑን ብቻችሁን አትሠሩትም

ከመጀመራችሁ በፊት

ቤንዚን በሚፈስበት ግቢ ውስጥ እሳት አይኑር። ሲጋራ ብቻ አይደለም። ቡና የሚፈላበትን የከሰል ምድጃ ማለቴ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት መሬቱን እየተሳበ ራቅ ያለ ፍም ጋ ይደርሳል። የዚያን ቀን ቡናው ወደ ቤት ይግባ።

ቤንዚን በአፍ ስባችሁ አትቅዱ። ትንሽ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የዋጠ ሰው ካለም እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

1. ዙሩና እዩ

የእጅ ባትሪ ይዛችሁ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዙሯት። አንዴ ቆማችሁ፣ አንዴ ተንበርክካችሁ። ከሥር የተንጠባጠበ ነገር ካለ የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ከጎማ ጀርባ ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ከፊት መሐል ከሆነ የሞተር ዘይት ወይም ውኃ ነው።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱ። የአየር ማጣሪያውን ቤት ሳትከፍቱ አትለፉ። አይጥ በጣም የምትወደው ቦታ ነው። እኔ አንዴ ስከፍተው እናት፣ ስድስት ልጆችና አንድ እፍኝ ስንዴ ነው የጠበቀኝ። የማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውንም) ጫፍ እዩ። በጎጆ የታፈነ ሞተር አይነሳም፣ እናንተ ደግሞ ጥፋቱን በካንዴላው ላይ ታሳብባላችሁ። የተበላ ሽቦ ካገኛችሁ ያለበትን ጻፉ፣ ደረጃ 6 ላይ እንመለስበታለን። አሮጌውን ባትሪም አሁን አውጡት። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን።

2. አንሱ፣ ግን ከክሪክ ሥር አትግቡ

የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት ወጥሩ። በክሪክ አንሱ፣ ካቫሌቶ አስገቡ፣ መኪናዋን በካቫሌቶው ላይ አሳርፉ። ያወለቃችሁትን ጎማ ደግሞ በጎን በኩል ከሥር አስተኙት። ካቫሌቶው ቢከዳችሁ ጎማው ይይዝላችኋል።

ድንጋይ አትደርድሩ። የጎንደር ድንጋይ ቤተ መንግሥት ተሸክሞ ወደ አራት መቶ ዓመት ቆሟል፣ እውነት ነው። ያ ግን በኖራ የተያዘ ነው። እናንተ የደረደራችሁት ኖራ የለውም።

3. ፍሬን

ብዙ ጊዜ የምትወስዱት እዚህ ላይ ነው፣ አትቸኩሉ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናዋ ስትቆም ያ እርጥበት የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። ዝገቱ ጎሚኒውን (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) ይቆራርጣል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ፔዳሉም መጀመሪያ ሲረገጥ ደህና ሊመስል ይችላል። የሚከዳው በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ርግጫ ነው።

ሀ. የእጅ ፍሬኑን ልቀቁና የኋላ ታምቡሮቹን (ከጎማው ጋር የሚዞሩትን የፍሬን ከበሮዎች) አውልቁ። የእጅ ፍሬን ተይዞ የቆመች መኪና ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘው ሸራ እዚያው ላይ ተጣብቆ ይገኛል። በኃይል አትምቱት። ብዙ የጃፓን ታምቡሮች ፊታቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። 8 ሚሊሜትር ብሎን በሁለቱም እያፈራረቃችሁ ስታስገቡ ታምቡሩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። ይህን ባለማወቅ ስንት ታምቡር በመዶሻ ተሰንጥቋል።

ለ. አቧራውን በአፍም በኮምፕሬሰርም አትንፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት።

ሐ. የሲሊንደሩን የጎማ ክዳን ጫፉን ገለጥ አድርጉ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ያፈስሳል ማለት ነው። ጎሚኒው ይቀየራል። የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ከተቦረቦረ ግን አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፣ ሙሉው ይቀየር። ዘይት የጠጣ ሸራ ካለም ጣሉት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀውት የሚመልሱት ሰዎች አሉ። ሸራው ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ይተፋዋል፣ መኪናዋም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።

መ. ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች አጠፍ አጠፍ እያደረጋችሁ እዩ። ስንጥቅ ካለ ይቀየሩ። ርካሽ ናቸው፣ አትከራከሩ።

ሠ. አሁን አሮጌውን የፍሬን ዘይት በአዲስ ተኩና አየሩን አስወጡ። ጋራዦች ስፑርጎ ይሉታል። መሪው በግራ ለሆነ መኪና ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ኋላ ጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ከሩቁ ወደ ቅርቡ ማለት ነው። ቀጭን ቱቦ በማስወጫው ብሎን ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለው ሃይላንድ ውስጥ ንከሩት። ረዳቱ ይርገጥና ይያዝ። እናንተ ብሎኑን ክፈቱ፣ ዘይቱ ይውጣ፣ ዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድገሙት።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የላይኛው የዘይት ዕቃ እንዳይጎድል በየአምስት ርግጫው ሙሉት። ከጎደለ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ከ«ሠ» ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አይርገጥ፣ እስከ ግማሽ ይበቃል። ፔዳሉ ከዚህ በፊት ያልደረሰበት የሲሊንደር ጫፍ ዝገት ይዟል። እስከዚያ ከተገፋ ደህናውን ጎሚኒ ይቀደዋል።

ረ. ፈተና፦ ፔዳሉን ጠንክራችሁ ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዋናው ሲሊንደር ወይም አንድ ቦታ የሚያፈስ ነገር አለ። ይህን ሳታስተካክሉ ወደ ደረጃ 4 አትሂዱ። ከእጅ ፍሬኑም ጋር ተነጋገሩ፣ ጎንደር ውስጥ እሱም ዋና ፍሬን ነው።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ቦዲው ላይ ከነካ ወዲያው በውኃ እጠቡት። በምትኩ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ቅባት አትጨምሩ። ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

4. ቤንዚን

የሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ክዳን ክፈቱና አሽትቱ። የቆየ ቤንዚን እንደ ቀለም ይሸታል። እንደዚያ ከሆነ በሙሉ ይውጣ። ከሥሩ ማፍሰሻ ብሎን ካለው በእሱ፣ ከሌለው በእጅ ፓምፕ። ያወጣችሁትን ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት አቆዩት። ውኃ ካለ ከሥር ይተኛል፣ ዝገት ካለም ይታያል። ዝገቱ ብዙ ከሆነ ሳልባትዮው ወርዶ ይታጠብ። ባዶ ሳልባትዮ ግን ሙሉ ከሆነው የባሰ አደገኛ ነው፣ ትነቱ ይፈነዳል። እንዲበየድ ወደ ብየዳ ቤት ዝም ብላችሁ አትውሰዱት።

የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ። የደረቀ ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ይሰነጠቃል፣ የሚንጠባጠበውም የጋለ ማርሚታ ላይ ነው። አዲሱን ማጣሪያ ከፓምፑ በፊት ግጠሙት።

ካርቡራተሩን ከላይ ከፍታችሁ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ጽዋ እዩ። ቢጫ ወይም ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። በማጽጃ ይለቃል። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በሽቦ አትጎርጉሩ። መጠናቸው በጥንቃቄ የተለካ ነው፣ ትንሽ ከሰፉ መኪናዋ ለዘላለም ቤንዚን ትጠጣለች።

ለመጀመሪያ ማስነሻ የምትጠቀሙት ቤንዚን ከማደያ ይሁን። ሰልፉ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ውስጥ ላምባ ወይም ውኃ ሊኖርበት ይችላል። ያኔ ሞተሩ እምቢ ሲል ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችሉም። ቱቦውን ግን ገና ከካርቡራተሩ ጋር አታገናኙ።

5. ዘይት፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ ማዞር

ሊቤሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጡና አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑን አስፈትሹት። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ትንሽ ከሆነ እርጥበት ነው፣ ብዙ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ነገር አለ። በየትኛውም መንገድ አሮጌውን አፍስሱ፣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ አዲስ ሙሉ።

ካንዴላዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት ሽቦዎቹን በፕላስተር ቁጥር ስጧቸው። የላዳ የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፣ ኬ ሞተር ያላት ዲኤክስ ደግሞ 1-2-4-3። «አውቀዋለሁ» ብሎ ሳይጽፍ የፈታ ሰው ማታ ላይ ይደውልልኛል።

ካንዴላ ከወጣ በኋላ በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ለምን? የፒስቶን ቀለበቶቹ ሲሊንደሩ ላይ በዝገት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በደረቁ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ካዞራችሁት ይጫራሉ ወይም ይሰበራሉ።

በማግሥቱ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ የሞተሩን የፊት ብሎን በትልቅ ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሁለት ሙሉ ዙር በነፃነት ከዞረ እሰየው። እምቢ ካለ በቁልፉ ላይ ቧንቧ አትቀጥሉ። ዘይት ጨምሩና ሁለት ቀን ጠብቁ። ከዚያም ካልዞረ ሥራው ከግቢ ሥራ አልፏል።

6. ኤሌክትሪክ

አይጥ የበላቻቸውን ሽቦዎች ቆርጣችሁ በአዲስ ቀጥሉ፣ በፕላስተር ብቻ መጠቅለል አይበቃም። የባትሪ ማሰሪያዎቹንና የቦዲውን መሬት ሽቦ እስኪያበሩ ፈግፍጉ። የፕላቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው መገናኛ) ጫፎች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ጠረግ አድርጉ። በቆመ መኪና ላይ «እሳት የለም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያለች ቀጭን ዝገት ናት።

ባትሪውን ለኩት። በደንብ የተሞላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሲገጠም ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጋቲቩ ይከተላል። ኔጋቲቩን ስትነኩ ትልቅ ብልጭታ ካለ፣ አንድ ቦታ መብራት በርቷል ወይም ሽቦ ቦዲ ነክቷል። ነቅላችሁ ፈልጉ።

7. ውኃ

አሮጌውን አፍስሱ፣ ንጹሕ ውኃ አሳልፋችሁ እጠቡ፣ ከዚያ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከውኃ ጋር ደባልቃችሁ ሙሉ። የላይና የታች ጎማ ቱቦዎችን ጨብጡ። ከተሰነጠቁ ወይም እንደ ሊጥ ከላሉ ይቀየሩ። ቺንጋውም (የሞተሩ ቀበቶም) እንዲሁ። የራዲያተሩን ክዳን ላስቲክ ችላ አትበሉት። በጎንደር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ቮልስ ያላችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት፣ ሞተራችሁ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

8. በደረቁ ማዞር

ካንዴላዎቹ እንደወጡ ናቸው፣ የቤንዚን ቱቦውም አልተገናኘም። ወደ ቦቢናው (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ጥቅል) የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉ፣ እሳት እንዳይፈጠር። ከቀዳዳዎቹ ፊት ማንም አይቁም፣ ዘይቱ ይረጫል። አሁን በቁልፍ ለ10 ሰከንድ አዙሩ። አንድ ደቂቃ አሳርፉ። ድገሙ። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ቀጥሉ። ካንዴላ በሌለበት ሞተሩ ቀላል ነው፣ ዘይቱ ጫና ሳይኖር ኩሽኔታዎቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው) ጋ ይደርሳል። አምስት ጊዜ ሞክራችሁ መብራቱ ካልጠፋ አታስነሱ፣ የዘይት ፓምፑ ይታይ።

9. ማስነሳት

አዲሶቹን ካንዴላዎች ግጠሙ፣ ሽቦዎቹን በቁጥራቸው መልሱ፣ ቦቢናውንና ቤንዚኑን አገናኙ። ትንሽ ቤንዚን በስሪንጅ ወደ ካርቡራተሩ ጽዋ ጨምሩ። በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን አፍስሶ ቁልፍ ማዞር የተለመደ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ ግን ነበልባሉ የሚመጣው ቤንዚን በያዘው እጅ ላይ ነው።

ማርሽ ባዶ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ፣ እንጨቶቹ በቦታቸው፣ ረዳቱ እሳት ማጥፊያ ይዞ። አዙሩ።

ስትነሳ መጀመሪያ የምታዩት የዘይት መብራቱን ነው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ አጥፉ። ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ አትደንግጡ፣ ትናንት የጨመራችሁት ዘይት ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ነዳጅ አትስጡ፣ አታጓሩ። ረዳቱ የቤንዚን ቱቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይ። ጠብታ ካየ ወዲያው ይጠፋ። ለ20 ደቂቃ ያህል ትሥራ። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ባትሪውን ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ይሞላል።

10. የመጀመሪያው ጉዞ

ጎማው ጥሩ ጥርስ ስላለው ብቻ ጥሩ አይደለም። በጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። 2312 ካለ በፈረንጆች 2012 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት ካለፈ ወይም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጎሚስታ ጋ ከመሄድ ይልቅ ጎማ መግዣ ፈልጉ።

ግቢ ውስጥ አምስት ሜትር ሂዱና ቁሙ። አሥር ጊዜ። በፊትም በኋላም። ከዚያ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ መታደሱን አይታችሁ ጸጥ ባለ ሜዳ መንገድ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

የመጀመሪያ ቀን ወደ አዘዞ አትውረዱ። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ባጃጁም ብዙ ነው። ሊማሊሞን የሚያስብ ካለ ደግሞ ቢያንስ 500 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ይንዳ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- በስፒንታ፣ ማለትም ገፍቶ ወይም ቁልቁለት ላይ ለቅቆ ማስነሳት። ቁልቁለቱ ቅርብ ስለሆነ ያጓጓል። ፍሬኗ ያልተፈተሸ መኪናን ቁልቁለት ላይ መልቀቅ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።
- ሞተሪኖውን ያለ ዕረፍት ማዞር። ይቃጠላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል።
- የጋለ ራዲያተር መክፈት።
- መኪናዋ ስለሞቀች ቴርሞስታቱን ማውጣት። የሞቀችበት ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር ሊሆን ይችላል፣ ያ አሁንም እዚያው አለ።
- ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር። እምቢ ስትል የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ።

500 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ ዘይቱንና ማጣሪያውን እንደገና ቀይሩ። ለዓመታት የተኛው ቆሻሻ ተነስቶ አዲሱ ዘይት ውስጥ ገብቷል። የቤንዚን ማጣሪያውንም ያኔ እዩት። ቡናማ ከሆነ ሳልባትዮው አሁንም እየዛገ ነው። የፍሬን ዘይቱን መጠን ግን እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ ኮፈን ከፍታችሁ እዩ።